ታንያ ሊዮን፦ የሙዚቃ ደራሲ ወይስ ድግስ ደጋሽ?

ጥቁር_ቁልፍ፦

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የተማርኩት ፒያኖ ነው። ልቤ ግን መጻፍ ላይ ነው። ዘፈን ማለቴ አይደለም። በኖታ፣ ለቫዮሊን፣ ለክላሪኔት፣ አንዳንዴም ክራርና ፒያኖ አንድ ላይ። ችግሩ የጻፍኩትን የሚጫወትልኝ የለም። ስለዚህ አምና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ትንሽ ኮንሰርት ራሴ አዘጋጀሁ። ይህን የሰማ አንድ የማከብረው አስተማሪ «ወይ ጻፍ፣ ወይ አዘጋጅ። ሁለቱንም ስትል ከሁለት ያጣ ትሆናለህ» አለኝ። ንግግሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ታንያ ሊዮን ማንበብ የጀመርኩት። ሀቫና ተወለደች፣ በ1943 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትጨቃጨቁኝ)። ቤተሰቧ ድሃ ነው። በአራት ዓመቷ ፒያኖ ጀመረች። ህልሟ ፓሪስ ሄዳ ፒያኒስት መሆን ነበር። በ1967 ከኩባ የሚወጡ ሰዎችን በሚያመላልሰው «የነጻነት በረራ» ማያሚ ገባች፣ ከዚያ ኒውዮርክ። የፓሪስ ነገር በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን በታመመ ጓደኛ ፋንታ ሃርለም ሄዳ ለባሌት ተማሪዎች ፒያኖ እንድትጫወት ተጠየቀች። ሄደች። የሚያስተምረው ሰው አርተር ሚቼል ነበር፤ በኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ዋና ዳንሰኛ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ በኋላ፣ ሃርለም ላይ ለሰፈሩ ልጆች የባሌት ትምህርት ቤት እከፍታለሁ ብሎ ቆርጦ የተነሳ ሰው ነው። አጨዋወቷን ሰምቶ አብረን እንሥራ አላት። በ1969 ዳንስ ቲያትር ኦቭ ሃርለም ሲቋቋም የሙዚቃ ዳይሬክተሯ እሷ ሆነች። 26 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛዋ ገና አፏ ላይ አልተፈታም።

ለዳንሱ የሚሆን ሙዚቃ ሲያስፈልግ ጻፊ ተባለች፣ ጻፈች። በ1971 ደግሞ ጣሊያን፣ ስፖሌቶ ፌስቲቫል ላይ፣ ኦርኬስትራ መምራት ሳትማር ኦርኬስትራ ፊት ቆመች። እና ልብ በሉ፣ ማንም «መጀመሪያ አንዱን ጨርሺ» አላላትም። ወይም ብለዋት ይሆናል፣ አልሰማችም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች ሰዎችን መድረክ ላይ ስታወጣ ኖራለች፣ «ኪውሬተር» እንደሚሉት። ይህ ነገር ደራሲነቷን ጎዳው ወይስ ጠቀመው?

ባለ_ኪቦርድ፦

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። አንዳንዱ «አቀናባሪ» ሲላት አይቻለሁ። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ አቀናባሪ ማለት ግጥምና ዜማው አልቆ ለመጣ ዘፈን ድራሙን፣ ቤዙን፣ ብራሱን የሚያለብስ ሰው ነው። እኔ ማለት ነው። እሷ ከባዶ ወረቀት ነው የምትነሳው። ስለዚህ ደራሲ በሏት።

«ኪውሬተር» የሚሉትን ነገር ግን አልገባኝም። ፕሮሞተር ማለት ነው? ፖስተር የሚለጥፍ፣ ቲኬት የሚሸጥ?

ጥቁር_ቁልፍ፦

አይደለም። የፕሮሞተር ጭንቀት አዳራሹ መሙላቱ ነው። የኪውሬተር ጭንቀት ምን ከምን አጠገብ ይሰማ የሚል ነው። ሰርግ ላይ ማን ከማን ጋር ቢቀመጥ ጨዋታው እንደሚደምቅ፣ ማን ከማን ጋር ቢቀመጥ ደግሞ ጠብ እንደሚነሳ የምታውቅ አክስት የለችህም? እሷ ናት ኪውሬተር። የተረሳውንም ዘመድ የምታስጠራው እሷው ናት።

ባለ_ኪቦርድ፦

ገባኝ። የእኔ አክስት ግን ጠቡንም ሆን ብላ ነው የምታመጣው 😂

ሰባተኛ_ረድፍ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከአስተማሪህ ጎን ነኝ። ሂሳቡን እንሥራ። ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኘችው በ2021 ነው፣ 78 ዓመቷ ላይ። ሽልማቱን ያስገኘላት «ስትራይድ» የሚባል የኦርኬስትራ ሥራዋ የተሰማው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው፣ በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ። ታዲያ ያ ኦርኬስትራ ከ1993 እስከ 1997፣ ኩርት ማዙር መሪው በነበረበት ዘመን፣ የአዲስ ሙዚቃ አማካሪ አድርጓት ነበር። አማካሪ ከሆነች እስከ ስትራይድ 27 ዓመት! የማንን ሙዚቃ እንጫወት እያሉ ሲጠይቋት የነበሩ ሰዎች አንቺስ ምን ይዘሻል ለማለት ይህን ያህል ፈጀባቸው።

ድግስ የሚደግስ ሰው መጨረሻ ላይ የሚበላው ከድስቱ የተረፈውን ነው። እናቶቻችንን አይታችኋል። እንግዳው ተነስቶ ሲሄድ ነው ጉርሻ የሚደርሳቸው።

ኤፍ_ባቡር፦

ሰባተኛ ረድፍ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ድምዳሜህ ግን ቸኩሏል። ብሩክሊን 19 ዓመት ስለኖርኩ ጥቂት ልበል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ብሩክሊን ፊልሃርሞኒክ ውስጥ የሰፈር ኮንሰርቶች ተጀመሩ። የጀመሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ታንያ ሊዮን፣ ጁሊየስ ኢስትማንና ታሊብ ራሱል ሃኪም። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰው ወደ ትልቁ አዳራሽ ካልመጣ ሙዚቃው ወደ ሰዉ ሰፈር ይሂድ። የጥቁርና የላቲኖ ደራሲዎች ሥራም ከሌላው እኩል ይቀርብ።

አሁን ከሦስቱ ሁለቱን እዩ። ኢስትማን ምናልባትም ከሁሉም የበለጠ ተሰጥኦ የነበረው ሰው ነው። ፒያኒስት፣ ዘፋኝ፣ ደራሲ። በኋላ ከቤቱ ተባረረ፣ ንብረቱ ተወረወረ፣ ኖታዎቹም አብረው ጠፉ። መናፈሻ ውስጥ እስከ ማደር ደረሰ። በ1990 በ49 ዓመቱ ሞተ። የተረፈው ሙዚቃው በሲዲ ተሰብስቦ የወጣው በ2005 ነው፤ ሜሪ ጄን ሊች የምትባል ደራሲ ዓመታት ፈጅታ የተበተነ ቅጂ ስታፈላልግ ቆይታ። ዛሬ ትልልቅ መድረኮች ይጫወቱታል።

ይህን ያነሳሁት እሷ ብልጥ እሱ ሞኝ ለማለት አይደለም። እንደዚያ የሚል ሰው ካለ እጣላዋለሁ። ግን አስቡት። አብሮሽ ኮንሰርት ያሰናዳ ሰው ሥራው በቆሻሻ መጣያ ሲያልቅ አይተሽ፣ ዝም ብለሽ የራስሽን ኖታ ብቻ ትጽፊያለሽ? በ2010 «ኮምፖዘርስ ናው» የሚባለውን ድርጅት ስትመሠርት ሥራው ምን ሆነ? በሕይወት ያሉ ደራሲዎችን በሕይወት እያሉ ማሰማት። ስሙ ራሱ «አሁን» የሚል ቃል አለበት። እኔ ያንን «አሁን» ሳይ ኢስትማን ነው ትዝ የሚለኝ። የእኔ ግምት ነው፣ እሷ እንዲህ ስትል አልሰማሁም።

ባለ_ኪቦርድ፦

ጥሩ ነው፣ ግን ምን በላች? ቁም ነገሩን እናውራ።

ኤፍ_ባቡር፦

😂 ትክክለኛ ጥያቄ። ደመወዟ ከማስተማር ነው። ከ1985 ጀምሮ ብሩክሊን ኮሌጅ አስተምራለች። ከዚያ በፊት ብሮድዌይ ላይ «ዘ ዊዝ» በሚባል የሙዚቃ ቲያትር የሙዚቃ መሪ ሆና ሠርታለች። ኦርኬስትራ መምራትም አለ፣ ሙዚቃ ጻፊልን የሚል ትዕዛዝም አለ። ከአንድ ጉድጓድ ብቻ አልቀዳችም። ደራሲ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚኖረው፣ ፈረንጅ አገርም ቢሆን።

የደሴቱ_ልጅ፦

ልጆች፣ ይህን ክር ያሳየችኝ ልጄ ናት። አባ፣ ስለ ኩባ እያወሩ ነው አለችኝ።

እኔ ከሱማሌ ጦርነት በኋላ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የምንቆጠር ልጆች አንዱ ነኝ። ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ የምትባል የኩባ ደሴት ላይ ነው ያደግነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ። ቶሮንጃ የሚሉትን ትልቁን ጎምዛዛ ብርቱካን ስንለቅም እጃችን ይቃጠል ነበር። ሽታው አሁንም አልለቀቀኝም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳገኘው ቆሜ አሸታለሁ፣ ሰው ያየኛል።

የገባሁት በ1979 ነው። ይህቺ ሴት በ1967 ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯን እንድታይ የተፈቀደላት ዓመትም እሱ ነው። እኔ ስገባ እሷ ለጉብኝት። 12 ዓመት ቤተሰቧን ሳታይ!

በዚያ ጉዞ የሆነ ነገር አለ፣ እሷም በየቃለ መጠይቁ ታነሳዋለች። ሥራዎቿን ለአባቷ አሰማቻቸው። ጥሩ ነው አሏት፣ ግን አንቺ የት አለሽ? ብለው ጠየቋት። ብዙም ሳይቆይ አረፉ። እስከዚያ ድረስ ስትጽፍ የነበረው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የሚያደንቀውን ዓይነት ሙዚቃ ነው። ከዚያ በኋላ ለአባቷ መታሰቢያ ለቼሎ ብቻ አራት ቁራጮች ጻፈች። ከአራቱ የአንዱ ስም «ሞንቱኖ» ነው። ሞንቱኖ ማለት ኩባ ውስጥ ሙዚቃው ሞቅ ብሎ እየተመላለሰ ሰው ከወንበሩ የሚነሳበት ቦታ ነው።

ስለ ምቱ ላስረዳችሁ። ማንኪያ ያዙ። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ምቱ፣ ሁለተኛው ትንሽ የሚያነክስ። ከዚያ ሁለት ምት ቀጥ ብሎ። ክላቬ ይባላል። ኩባ ውስጥ ማንም ባይመታውም ሁሉም ሰው ውስጡ ይሰማዋል። የእኛ ቺክቺካ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው እንደማይቆጥረው ማለት ነው። ታንያ ክላቬውን ግልጽ አድርጋ አታስቀምጠውም። ትሰብረዋለች፣ ግማሹን ለቫዮሊን ግማሹን ለከበሮ ትሰጠዋለች። የማያውቅ ሰው ግርግር ይሰማዋል። እኔ ግን እግሬ ያውቀዋል። «ባታ» የሚለውን ሥራዋን በመኪና ውስጥ ስሰማ ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው መሪውን የምትደበድበው?» አለችኝ።

ጥቁር_ቁልፍ፦

ጋሼ፣ ማንኪያ ይዤ ሞክሬዋለሁ። እናቴ ከጓዳ «ሰው መጣ?» አለች።

የአባቷን ነገር ግን አንብቤ አልፌው ነበር። እርስዎ ሲያወሩት ሌላ ነው።

ሰባተኛ_ረድፍ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህ የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው እኮ። ራሷን ያገኘችው ፌስቲቫል በማዘጋጀት አይደለም፣ አባቷ በጠየቋት አንድ ጥያቄ ነው።

ኤፍ_ባቡር፦

አይ! ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? ከ1994 እስከ 1999 ከአሜሪካን ኮምፖዘርስ ኦርኬስትራ ጋር «ሶኒዶስ ደ ላስ አሜሪካስ» የሚባሉ ፌስቲቫሎች አዘጋጀች። ድምፆች ከአሜሪካዎቹ እንደ ማለት። በየዓመቱ አንድ አገር። ሜክሲኮ፣ ቬኔዙዌላ፣ ብራዚል... የመጨረሻው ኩባ። አንቺ የት አለሽ የሚለውን የአባቷን ጥያቄ ወስዳ ለአህጉር ጠየቀችው። መጻፉና መሰናዳቱ አንድ ሥራ ነው እያልኩህ ነው።

ሰባተኛ_ረድፍ፦

ጥሩ ተናገርሽ። አላሳመንሽኝም እንጂ።

ጎርጎራ_ዳር፦

ስለ ኦፔራዋ ማንም አላነሳም? እኔ በእሱ በኩል ነው ያወቅኳት፣ በአንድ አስቂኝ ምክንያት።

የጣና ልጅ ነኝ። እምቦጭን ታውቃላችሁ። በጀልባ ስትሄድ ሞተሩን ይተበትባል፣ ወርዶ በእጅ መንቀል ነው። አንድ ቀን ስለ አረሙ እየፈለግኩ «የእምቦጭ መቅሰፍት» ብዬ ልተረጉመው የምችል ኦፔራ አገኘሁ። ቀልድ መሰለኝ። የታንያ ሊዮን ነው። በናይጄሪያዊው ጸሐፊ በዎሌ ሾይንካ የሬዲዮ ድራማ ላይ የተመሠረተ፣ በ1994 ሙኒክ ላይ የታየ፣ እዚያም የተሸለመ። ታሪኩ ናይጄሪያ ነው። ወታደራዊ መንግሥት ያሰረው ሰው አለ፣ ውሃው በእምቦጭ ተዘግቷል፣ ማምለጫ የለም። እናትየው የውሃዋን አምላክ የማንጃን ትለምናለች።

እኔ ኦፔራ ሰምቼ አላውቅም። ያችን የእናት ጸሎት ግን ጀልባ ላይ ሆኜ በስልክ ሰማኋት። ዙሪያዬ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ወይን ጠጅ አበባ። አበባው ቆንጆ ነው እኮ፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

የደሴቱ_ልጅ፦

ልጄ፣ የማንጃ ኩባ ውስጥ የማያ ናት። ዮሩባዎቹ በባርነት ሲጫኑ ይዘዋት የመጡት። ሰማያዊና ነጭ ልብስ። ከደሴቱ ወደ ሀቫና በመርከብ ስንሻገር ሴቶቹ ወደ ባሕሩ ሳንቲም ይወረውሩ ነበር። ስለዚህ ኩባዊቷ የናይጄሪያዊውን ድራማ ስትወስድ ባዕድ ነገር አልወሰደችም።

ኔታንያ_ነኝ፦

እኔ የርዕሱን ስም ሳይ ስለ ከተማችን መስሎኝ ነው የገባሁት 😄 ከገባሁ አይቀር ልጻፍ።

እዚህ እስራኤል ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ክብር ያለን ብዙ ነን። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኗቸውን ዓለም በሰፊው የሰማው በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛው ሲዲ ሲወጣ ነው። 80 ካለፉ በኋላ ማለት ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ግን በ1960ዎቹ ነበር! ሙዚቃው ያው ነው። የጎደለው አንስቶ ሰው ፊት የሚያስቀምጥ እጅ ነበር።

ስለዚህ ጥቁር ቁልፍ፣ አስተማሪህን አክብር፣ ግን ኮንሰርትህን አዘጋጅ። ሌላው ደግሞ፣ «ጥቁር ደራሲ»፣ «ሴት ደራሲ»፣ «ኩባዊት ደራሲ» የሚል ቅጽል ሲለጠፍባት አትወድም ይባላል። እሱን እወድላታለሁ። እኛም እዚህ ቅጽል አናጣም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

80 ያለፉ ሴትዮ «እሷ» እያላችሁ ስታወሩ... ሃሃ፣ ለፈረንጅ ይሁን።

በዲሴምበር 2022 የኬኔዲ ሴንተር ክብር ሲሰጣት እኔ ዲሲ ታክሲ እየነዳሁ ነበር። አንድ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ተሳፋሪ ጫንኩ። ዛሬ ማን ነው የሚሸለመው ስለው ጆርጅ ክሉኒ፣ ግላዲስ ናይት፣ ዩቱ፣ ኤሚ ግራንት ብሎ ቆጠረና «እና አንዲት ኦርኬስትራ የምትጽፍ ሴት» አለ። አምስተኛዋ ስም አልነበራትም። ማታ ቤት ገብቼ ፈልጌ አገኘኋት።

ኤፍ_ባቡር፦

ይህ የሚያሳዝን ነው። እኔ ስትራይድን አዳራሹ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት፣ ፌብሩዋሪ 2020። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት 100ኛ ዓመት ሲከበር ኦርኬስትራው 19 ሴት ደራሲዎችን አዲስ ሥራ አዝዞ ነበር፣ እሷ አንዷ ናት። 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ብራሱ ይገፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይገፋል፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። ወደ መጨረሻው ደወሎች ይነሳሉ፣ ዳር ላይ የምዕራብ አፍሪካ ምት ይገባል። ያቺን ምት ያስገባችው መብቱ ሲሰጥ ጥቁር ሴቶች ተቆጥረው እንዳልተቆጠሩ ለማስታወስ ነው። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ከረሜላ ሲፈቱ ደወሉ ሲጀምር እጃቸው ቆመ። ወር ሳይሞላ አዳራሹ በኮሮና ተዘጋ።

ጥቁር ቁልፍ፣ አንተን የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርህ። ኮምፖዘርስ ናው በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ፌስቲቫል አለው። የገዛ አዳራሽ ሠርተው አይደለም። ከተማው ውስጥ በየአዳራሹ የሚደረጉትን ኮንሰርቶች አንድ ጃንጥላ ሥር ነው የሚያስገቡት። ደራሲው ራሱ ተገኝቶ ከታዳሚው ጋር ያወራል። ጥላ ብቻ ነው የጨመሩት! አንተም ብር የለኝም አትበል። ደራሲው ይቁም፣ ሁለት ደቂቃ ያውራ፣ ቁጭ ይበል። ሰው ሰውየውን ካየ በኋላ ጆሮው ይለሰልሳል።

ሰባተኛ_ረድፍ፦

እሺ፣ ይህቺን ተቀብያለሁ። አምና ያዘጋጀኸው ግን እንዴት ሆነ? እሱን አልነገርከንም።

ጥቁር_ቁልፍ፦

ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር። አንድ ፒያኖ ያለው አዳራሽ ፈቀዱልን። በሰዓቱ 30 የሚሆን ሰው መጣ። ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ለቅሶ ሄዷል። ደጅ ቆመን 50 ደቂቃ ጠበቅን። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የፒያኖው መካከለኛ «ሬ» ቁልፍ ስትጫነው አይመለስም። የጻፍኩት ቁራጭ በ«ሬ» ነው የሚጀምረው። በ«ሬ» ነው የሚያልቀው። በግራ እጄ እየጎተትኩ እያነሳሁ ተጫወትኩ። አንዲት ሴት በኋላ መጥታ «ያ የሚያነክሰው ነገር በጣም ደስ ይላል» አለችኝ።

የደሴቱ_ልጅ፦

ክላቬ ነው የሰማችው!

ጥቁር_ቁልፍ፦

😂😂 ጋሼ!

ዘንድሮ አዳራሽ አልለምንም። የጓደኛዬ ወላጆች ግቢ ሰፊ ነው። የእድር ወንበር 40 ተፈቅዶልናል፣ ድንኳኑም አለ። ፕሮግራሙ አንድ የእማሆይ፣ ከዚያ የሁለት ጓደኞቼ አዲስ ሥራ፣ ከዚያ የእኔ። የራሴን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሰባተኛ ረድፍ ከድስቱ ግርጌ በላ እንዲለኝ። ፒያኖ የሚያውሰን ሰው አግኝተናል፣ ግን ከገርጂ ነው የሚመጣው። ጫኝና አውራጁ የጠየቀንን ዋጋ ብነግራችሁ ፒያኖውን የምገዛው ይመስላችኋል።

ኤፍ_ባቡር፦

የእማሆይን መጀመሪያ ማድረግህ ጥሩ ነው። የአንተን ግን ወደ መሐል አምጣው። መጨረሻ ላይ ሰው ጫማውን ነው የሚያስበው።

ባለ_ኪቦርድ፦

የአጎቴ አይሱዙ አለ። ጭነት የሚያወርደው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ባዶ ነው። ስፖንጅና ብርድ ልብስ እናንተ አምጡ። ጫኝና አውራጅ አያስፈልግም፣ አራት ሰው ይበቃል። እኔ አንድ።

ሰባተኛ_ረድፍ፦

ሁለት። ወገቤ ግን ዋስትና የለውም።

ጎርጎራ_ዳር፦

ቅዳሜ ከሆነ አዲስ አበባ ነኝ። ሦስት።

ጥቁር_ቁልፍ፦

ቅዳሜ ነው። ስምንት ሰዓት ገርጂ።